የአገር ዕዳ እንደ እድር ሒሳብ በቋንቋችን ይነበብልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ስድስት ኪሎ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ፕሪንት ቤት አለኝ፣ ጋዜጣችሁን ጠዋት ሱቅ ስከፍት ነው የማነበው፣ እኔ ስጨርስ ባንኮኒው ላይ ትቀመጥና የሚመጣ የሚሄደው ሁሉ ሲያነባት ይውላል። እስከዛሬ ጽፌላችሁ አላውቅም። አሁን እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ ደንበኛዬ የጠየቁኝ ጥያቄ ነው።

ሰውዬው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ስለሆኑ የወሩን ሒሳብ ኮፒ ሊያስደርጉ እኔ ጋ ይመጣሉ። የዕዳ ሽግሽጉ ወሬ የወጣ ሰሞን ጋዜጣዋን አንስተው አነበቡ አነበቡና "ልጄ፣ እድር ላይ ሰው ሁሉ ዕዳው ተሰረዘልን እያለ ነው፣ እዚህ ደግሞ ሽግሽግ ነው የሚለው፣ ተሰርዟል ነው ወይስ አልተሰረዘም?" አሉኝ። እኔም የመሰለኝን መለስኩላቸው። ማታ ቤት ስገባ ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው፣ የእድር ሒሳብ አምስት ሳንቲም ሳያዛንፉ የሚይዙ ሰው፣ የገዛ አገራቸው ዕዳ ይኑር አይኑር ከፎቶ ኮፒ ቤት መጠየቅ አለባቸው እንዴ ብዬ አሰብኩ።

እኔ አንብቤ እስከገባኝ ድረስ ነገሩ እንዲህ ነው። በኮቪድ ሰሞን ኅዳር 2013 ላይ ትልልቅ ኢኮኖሚ ያላቸው የቡድን 20 አገሮች ዕዳ ለከበዳቸው ድሃ አገሮች "የጋራ ማዕቀፍ" የሚሉትን መንገድ አወጡ፣ እኛም ከቻድና ከዛምቢያ ጋር በመጀመሪያዎቹ ወራት አመለከትን። የአበዳሪ አገሮች ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ቻይናና ፈረንሳይ አብረው ይመሩታል። የሰሜኑ ጦርነት ነበር፣ ሌላም ሌላም ሆነ፣ ዓመታት ፈጀና መጋቢት 2017 ላይ 8.4 ቢሊዮን ዶላር በሚሆን ዕዳ ላይ በመርህ ደረጃ ተስማሙ፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ የመግባቢያ ሰነዱ ተፈረመ፣ መንግሥትም ከ3.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ እፎይታ ተገኘ አለ። እፎይታው ግን አሁን መክፈል የነበረብንን ወደፊት መግፋትና ማቅለል ነው እንጂ ደብተሩ ተቀደደ ማለት አይደለም። የተገፋውን ልጆቻችን ይከፍሉታል። ይቺን ሁለት መስመር ለጋሼ በቅጡ ለማስረዳት እኔ ስንት ሌሊት ነው የፈጀብኝ፣ ያውም እንግሊዝኛ ማንበብ የምችል፣ ያውም ኢንተርኔት ያለኝ ሰው ነኝ።

ሽግሽግ፣ ስረዛ፣ እፎይታ፣ መልሶ ማዋቀር፣ እነዚህን አራት ቃላት ሬዲዮኑም ቲቪውም ጋዜጣውም እያቀያየረ ይጠቀምባቸዋል። አንድ አይደሉም እኮ! ስረዛ ያየነው ድሮ ነው፣ በ1996 ዓ.ም. ከባድ ዕዳ ያለባቸው ድሃ አገሮች በሚባለው ፕሮግራም መጨረሻውን ደረጃ ስናልፍና ከዚያ በኋላ የዓለም ባንክና የአይኤምኤፍ፣ ማለትም የዓለም የገንዘብ ድርጅት፣ ዕዳ ሲነሳልን፣ ያኔ እውነትም ዕዳ ተፍቋል። የአሁኑ ሌላ ነው። ሰው ተሰረዘ ብሎ ካመነ በሚቀጥለው ዓመት ታክስ ሲጨመር ለምን ብሎ ግራ ይገባዋል፣ ከዚያ ወሬ ይፈጠራል፣ ወሬው ደግሞ ከእውነቱ የባሰ ይሆናል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016ን ማንም አይረሳውም። ሰኞ ቀን ነበር። ጠዋት ብሔራዊ ባንክ የዶላር ዋጋ በገበያ ይወሰን አለ፣ ከ57 ብር ከምናምን የነበረው ዶላር በአንድ ቀን 74 ብር ከ70 ሳንቲም ገባ፣ ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ከዚያም አለፈ፣ በዓመቱ ከ130 በላይ ሆነ። በዚያው ቀን ዋሽንግተን ላይ የአይኤምኤፍ ቦርድ ተቀምጦ ለአራት ዓመት የሚሆን 3.4 ቢሊዮን ዶላር አጸደቀ፣ በማግስቱ የዓለም ባንክ 1 ቢሊዮን እርዳታና 500 ሚሊዮን ብድር ጨመረበት። እኔ የማስታውሰው ግን ሱቄን ነው፣ ወረቀት የማመጣበት ነጋዴ ከሰዓት ላይ ደውሎ "ያለህ ደስጣ ስንት ነው? እንዳትሸጥ፣ እኔም አልሸጥም፣ እስቲ እናያለን" አለኝ፣ ቶነር ሻጩ ስልኩን ዘጋ፣ ዱባይ ያለችው እህቴ ደግሞ በቫይበር ደውላ ብር ልላክ ወይስ ልቆይ ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ይሄ ውሳኔ ለምን እንደመጣ፣ ከዚህ በኋላ ምን እንደሚከተል፣ ነዳጅ ላይ ያለው ድጎማ መቼ መቼ እንደሚነሳ፣ ለድሃው በሴፍቲኔት ምን እንደታሰበ፣ ከመቶ ገጽ በላይ በሆነ የአይኤምኤፍ ሰነድ ላይ ቁጭ ብሎ ተጽፏል። ሚስጥር አይደለም፣ ማንም ማውረድ ይችላል። ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ራሱ ተቸግሮ በሚያነበው እንግሊዝኛ።

እኔ ሥራዬ ስለሆነ ያንን ሰነድ ብዙ ጊዜ ፕሪንት አድርጌዋለሁ። የማስተርስ ተማሪዎች በፍላሽ ይዘውት ይመጣሉ፣ እኔ ስፓይራል አስሬ እሰጣቸዋለሁ፣ እነሱ ለጥናታቸው በእንግሊዝኛ ያነቡትና በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፣ ጥናቱ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ስንት ጥሩ ጥናት በእጄ አልፏል መሰላችሁ። የምንዛሪ ለውጥ በስኳር በሽታ መድኃኒት ላይ፣ በቡና ገበሬ ላይ፣ በትራንስፖርት ላይ ምን እንዳመጣ የሚያጠኑ ልጆች አሉ። መረጃውን የሰጣቸው ሰው በአማርኛ ነው በኦሮምኛ ነው በሲዳምኛ ነው የመለሰላቸው፣ መጠይቁን ተርጉመው ነው የጠየቁት፣ ውጤቱን ግን ለዚያ ሰው ተርጉሞ የሚመልስለት የለም። የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበር መጽሔትም እንግሊዝኛ ነው። ለውጭ ተመራማሪ እንዲደርስ ነው፣ ይገባኛል፣ አልቃወምም። ለእኛስ?

ሰነዱን በአማርኛ ለማግኘት ያልሞከርኩ እንዳይመስላችሁ። ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ፣ ስሙን አልጠራም፣ የፕሮግራሙ አማርኛ ካለ ብዬ ጠየቅሁ፣ አንዷ ሠራተኛ ወደ ሌላው ላከችኝ፣ ሌላው "ኢንተርኔት ላይ አለ" አለኝ፣ እንግሊዝኛው ነው ያለው ስለው "ታዲያ አንተ ለምን ፈለግኸው?" ብሎ ጠየቀኝ። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው አይቶ ስለማያውቅ ነው። እኔን ያሳዘነኝም እሱ ነው።

ስለዚህ ራሳችን ሞከርነው። ሁለት ተማሪዎች፣ ጋሼ፣ እኔ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ቀዝቀዝ ሲል ወንበር ስበን መዝገበ ቃላት ይዘን ተቀመጥን። የመጀመሪያው ቀን አንድ ገጽ እንኳን አልጨረስንም። "የዕዳ ዘላቂነት ትንተና" የሚባለው ነገር ላይ ቆምን፣ ጋዜጦቹም መንግሥትም እንዲህ ነው የሚጽፉት፣ ጋሼ ግን "ዘላቂ ይሁን ነው እንዴ የሚሉት ዕዳው?" አሉ ከልባቸው፣ እውነታቸውን ነው፣ በአማርኛ ዘላቂ ማለት የሚዘልቅ የማያልቅ ማለት ነው፣ ዘላቂ ሰላም ዘላቂ ልማት እንደምንለው። የነገሩ ሐሳብ ግን አገሪቱ ይሄን ዕዳ ተሸክማ መራመድ ትችላለች ወይ የሚል ነው። ከዚያ "ዕዳ የመሸከም አቅም" ብለን ጻፍነው፣ ጋሼም አሁን ገባኝ አሉ። እንዲህ ያለ ቃል እዚያ ሰነድ ውስጥ ሞልቷል። "ፕራየር አክሽን" የሚሉት ቦርዱ ብድሩን ለማጽደቅ ከመቀመጡ በፊት ተሠርቶ መገኘት ያለበት ነገር ነው። "ስትራክቸራል ቤንችማርክ" ደግሞ እስከዚህ ቀን ድረስ ይሄ ሕግ ይወጣል፣ ይሄ ሪፖርት ይታተማል ተብሎ ቀን የተቆረጠለት ሥራ ነው፣ እኛ "ቀን የተቆረጠለት ሥራ" ብለነዋል፣ የተሻለ ያለው ሰው ካለ ይንገረን። አበዳሪዎችን በእኩል ዓይን ማየት የሚሉትን ደግሞ ጋሼ ናቸው ያቃኑት፣ ከሁለት ሰው የተበደርክ እንደሆነ ለአንዱ ሙሉ ከፍለህ ሌላውን ታገሰኝ ማለት አትችልም፣ አንዱ ከታገሰ ሌላውም በዚያው ልክ መታገስ አለበት፣ በቃ ይኸው ነው።

ይቺ የመጨረሻዋ ቀላል ትምሰል እንጂ ከዩሮ ቦንድ ባለቤቶች፣ ማለትም አገራችን ለውጭ ገበያ የሸጠችውን የብድር ሰነድ ከገዙት ጋር የነበረው ክርክር በአብዛኛው እሷ ላይ ነው የቆመው። በ2007 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ቦንድ ለውጭ ገበያ ሸጠች፣ ወለዱ 6.625 በመቶ፣ ጊዜው አሥር ዓመት። ታኅሣሥ 2016 ላይ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ መክፈል ሲገባት ሳትከፍል ቀረች፣ የመንግሥት ምክንያት ሁሉንም አበዳሪ እኩል ማየት አለብኝ የሚል ነበር። ከዚያ በመስከረም 2017 ከዋናው ላይ 18 በመቶ ይቀነስልኝ ብላ ሐሳብ አቀረበች፣ ባለቦንዶቹ እምቢ አሉ። ምን ብለው መሰላችሁ? ኢትዮጵያ ያጠራት ለጊዜው በእጅ ያለ ዶላር ነው እንጂ ዕዳዋን መሸከም አቅቷት አይደለም፣ አይኤምኤፍ የቡናዋንና የወርቋን ኤክስፖርት አሳንሶ ነው የገመተው አሉ። አያችሁ፣ ክርክሩ ስለ ቡናችን ነበር! ለንደንና ኒውዮርክ ያለ ሰው የጅማና የይርጋጨፌ ቡና በሚቀጥሉት ዓመታት ስንት ዶላር ያመጣል ብሎ ይከራከር ነበር፣ በሌላ ወገን ዋሽንግተን ያለ ሰው የለም ይሄን ያህል አያመጣም ይል ነበር፣ ቡናውን የሚለቅመው ሰው፣ ቡናውን የሚያጥበው ሰው፣ ቡናውን የሚልከው ነጋዴ ስለዚህ ክርክር በቋንቋው አንድ ገጽ እንኳን አልደረሰውም። ገማቾቹ እሱን ቢጠይቁት እኮ የሚያውቀው ነገር አለ፣ የትኛው ዛፍ እንዳረጀ፣ ስንት ሰው ቡናውን ነቅሎ ጫት እንደተከለ ያውቃል።

እና ሰዎች ሲያወሩ አይኤምኤፍ ከሰማይ የወረደ የሚመስላቸው አሉ፣ ሌሎች ደግሞ የፈረንጅ ሴራ ብቻ አድርገው ያዩታል፣ ሁለቱም ታሪኩን ካለማወቅ ነው። እኛ እኮ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያ ነበርን። ሐምሌ 1936 አሜሪካ አገር ብሬተን ዉድስ የሚባል ቦታ 44 አገሮች ተሰብስበው አይኤምኤፍንና የዓለም ባንክን ሲመሠርቱ ከአፍሪካ የተገኙት ግብጽ፣ ላይቤሪያ፣ ደቡብ አፍሪካና ኢትዮጵያ ብቻ ናቸው፣ የኛን ልዑካን የመሩት ብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅን ነበሩ። አገራችን ከጣሊያን ከወጣች ገና ሦስት ዓመቷ ነው ያኔ። የዓለም ባንክ ለአፍሪካ መጀመሪያ ያበደረውም ለእኛ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1950፣ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ፣ 2 ሚሊዮን ለልማት ባንክ። ይሄን ለተማሪዎቹ ስነግራቸው አላመኑኝም፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያሉ ልጆች ናቸው።

ከመጀመሪያው ብንኖርም ድምፃችን ግን ትንሽ ነው። አይኤምኤፍ ቤት ድምፅ እንደ እድር አይደለም፣ እድር ላይ ሀብታሙም ድሃው አንድ አንድ እጅ ነው የሚያወጣው፣ እዚያ እንደ አክሲዮን ነው፣ ባዋጣኸው ልክ ነው። አሜሪካ 16.5 በመቶ አካባቢ አላት፣ ዋና ዋና ውሳኔ ለማለፍ ደግሞ 85 በመቶ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ እሷ እምቢ ካለች አያልፍም ማለት ነው። የኛ ድምፅ ከአንድ በመቶ አንድ አሥረኛ እንኳን አይሞላም። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች በቦርዱ ላይ ለረጅም ጊዜ በሁለት ወንበር ነበር የሚወከሉት፣ እያንዳንዱ ወንበር ከሃያ በላይ አገር ይዞ፣ በ2017 መጀመሪያ ላይ ነው ሦስተኛ ወንበር የተጨመረላቸው። በ2013 መጨረሻ ላይ አይኤምኤፍ ለዓለም ሁሉ 650 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ኤስዲአር የሚባል የመጠባበቂያ ሀብት ሲያከፋፍል ለአፍሪካ የደረሰው በሙሉ 33 ቢሊዮን ገደማ ነው፣ ምክንያቱም ክፍፍሉም በመዋጮ ልክ ስለሆነ ነው። በቫይረሱ የተጎዳው ማን ነው፣ ያገኘው ማን ነው? በዚህ ላይ የሚናገሩ አፍሪካውያን ምሁራንና መሪዎች አሉ፣ ትክክል ናቸው፣ እኔም እደግፋቸዋለሁ። ግን እነሱ ዋሽንግተን ሄደው ድምፅ ይሰጠን ሲሉ ከኋላቸው የቆመው ሕዝብ ምን እየተባለ እንደሆነ ቢያውቅ ድምፃቸው ይከብድ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አንድ የ1989 ዓ.ም. ነገር ልጨምር። ያኔ መንግሥትና አይኤምኤፍ ተጣልተው ፕሮግራሙ ተቋርጦ ነበር። የጸባቸው ምክንያት የአየር መንገድ አውሮፕላን የተገዛበትን ብድር አገሪቱ ሳትጠይቅ ቀድማ መክፈሏ፣ እርዳታን እንደ በጀት ገቢ መቁጠር ይቻላል አይቻልም የሚለው፣ እና የባንክ ሥራን ለውጭ ክፈቱ የሚለው ነበር። የዓለም ባንክ ዋና ኢኮኖሚስት የነበሩት ጆሴፍ ስቲግሊትዝ አዲስ አበባ መጥተው ከአቶ መለስ ጋር ተነጋግረው ለኢትዮጵያ ተከራክረዋል፣ በኋላም ለዓለም የጻፉት እሳቸው ናቸው። ያኔ እኔ ወጣት ነበርኩ፣ ሬዲዮ እሰማ ነበር፣ ስለዚህ ጸብ አንድም ነገር አልሰማሁም። እዚህ ከተማ የተከራከሩበትን ነገር ከዓመታት በኋላ በእንግሊዝኛ ከፈረንጅ ጽሑፍ ላይ ነው ያነበብኩት። ያ የባንክ ጉዳይ ደግሞ ከ27 ዓመት በኋላ ታኅሣሥ 2017 ላይ ተወካዮች ምክር ቤት ለውጭ ባንኮች በር የሚከፍተውን አዋጅ ሲያጸድቅ ተቋጨ። መክፈቱ ጥሩ ነው መጥፎ ነው እኔ አሁን እሱን አይደለም የማነሳው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲከራከሩበት የኖረውን ጉዳይ ሕዝቡ የሰማው ሊያልቅ ሲል መሆኑ ነው የሚቆጨኝ።

ሌላው የሚገርመኝ አዲስ አበባ ራሷ የዚህ ሁሉ ክርክር መናኸሪያ መሆኗ ነው። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ከ1950ዎቹ ጀምሮ እዚህ አለ፣ የአፍሪካ ኅብረት እዚህ አለ። ሐምሌ 2007 ላይ ለልማት ገንዘብ ከየት ይምጣ የሚል የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ እዚሁ ተካሂዶ ስምምነቱ የዓለም ሰነድ ላይ በከተማችን ስም ነው የተጻፈው፣ የአዲስ አበባ የድርጊት አጀንዳ ይባላል። ያን ጊዜ ሆቴሉ ሁሉ እንግዳ ሞልቶ እንደነበር ነው የማስታውሰው፣ የተስማሙበትን ነገር ያወቅሁት ግን ዘንድሮ ነው። ኅዳር 2016 ላይ ደግሞ የአፍሪካ አገሮች ቡድን ስለ ዓለም አቀፍ ታክስ የሚወሰነው የሀብታሞቹ ክለብ ውስጥ ሳይሆን ሁሉም አገር በሚቀመጥበት በተባበሩት መንግሥታት ይሁን ብሎ ሐሳብ አቅርቦ 125 አገር ደግፎ 48 ተቃውሞ አለፈ። ትልቅ ድል ነው እኮ! ትልልቆቹ ካምፓኒዎች እኛ ጋ ሠርተው ትርፉን ታክስ ወደማይከፈልበት አገር የሚያሸሹበትን ቀዳዳ የሚነካ ነገር ነው፣ በየሱቁ ቫት የሚከፍለው ሰው ቢሰማው ደስ የሚለው ነገር ነው። ማን ነገረው?

ኬንያን አይተናል። በ2016 ሰኔ ላይ የፋይናንስ ሕጉ ሲመጣ ወጣቶቹ ሕጉን በየቋንቋቸው እየተረጎሙ በቲክቶክ አሰራጩት፣ ዳቦ ላይ ምን እንደሚጨመር፣ ዘይት ላይ ምን እንደሚጨመር አንድ በአንድ ለእናቶቻቸው አስረዱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፣ ፓርላማው ተደፈረ፣ ብዙ ወጣት ሞተ፣ ፕሬዝዳንቱም ሕጉን መለሱት። ያ ሞት እኛ ጋ እንዲመጣ የሚፈልግ ሰው የለም፣ እኔም እግዚአብሔር ያርቀው ነው የምለው። ግን እኔ የወሰድኩት ትምህርት አለ፣ ሰው ሕጉን ከመውጣቱ ከወራት በፊት በቋንቋው አግኝቶ ቢከራከርበት ኖሮ መንገድ ላይ መውጣት ያን ያህል አያስፈልገውም ነበር።

"ሕዝቡ አይገባውም" የሚሉ አሉ። ከተማሪዎቹም አንዱ እንዲህ ብሎኝ ነበር፣ ተቆጥቼዋለሁ። መርካቶ ያለ ነጋዴ የዶላር ዋጋ ከባንኩ ቀድሞ ያውቃል፣ ዕቁብ የምትሰበስብ እናት ማን ቀድሞ ቢወስድ ማን እንደሚጎዳ ያለ ካልኩሌተር ትነግርሃለች፣ ገበሬው ማዳበሪያ በዱቤ ወስዶ እህሉ ሳይደርስ የሚከፍልበትን ስሌት ያውቃል። ወለድ፣ የእፎይታ ጊዜ፣ ዋስ፣ መያዣ፣ እነዚህ ሁሉ ከድሮ ጀምሮ የምንኖርባቸው ቃላት ናቸው። የጎደለው ነገሩን በነዚህ ቃላት የሚነግረው ሰው ነው። ሕገ መንግሥቱም እኮ አንቀጽ 43 ላይ ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በሚመለከታቸው ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል፣ ባልገባኝ ነገር ላይ ምን ሐሳብ ልሰጥ እችላለሁ?

የብድር ስምምነት በተወካዮች ምክር ቤት ሲጸድቅ በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይወጣል፣ እሱ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን አዋጁ አጭር ነው፣ ይሄን ያህል ብር ከእንትና፣ ለዚህ ሥራ፣ በዚህ ጊዜ የሚመለስ ይልና ያልቃል። ከዚያ ኋላ ያለው ግዴታ የሚገኘው በሌላኛው ሰነድ ላይ ነው። ስለዚህ የገንዘብ ሚኒስቴርና ብሔራዊ ባንክ ፕሮግራሙ በተገመገመ ቁጥር አሥር ገጽ የምትሆን ማጠቃለያ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ ቢያወጡ ምን ይከብዳቸዋል፣ ከተቋሙ ጋር የሚጻጻፉት ሰዎች እዚያው ቁጭ ብለው ነው ያሉት። የምክር ቤት አባላትም ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት ያቺን አሥር ገጽ ይዘው ወደመረጣቸው ሕዝብ ቢሄዱ ጥሩ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ የማስተርስ ተማሪ ጥናቱን ሲያስረክብ ሦስት ገጽ በአገርኛ ቋንቋ እንዲጨምር ቢያደርጉ በየዓመቱ ስንት ሺህ ገጽ ይገኛል፣ ፕሪንቱን እኔ በግማሽ ዋጋ እሠራላቸዋለሁ።

ከናንተም ከጋዜጠኞቹ የምለምነው ነገር አለ። "የአይኤምኤፍ ቡድን አዲስ አበባ ገባ"፣ "የአይኤምኤፍ ቡድን ግምገማውን አጠናቀቀ" የሚል ዜና ስታወጡ መግባቱንና መውጣቱን ብቻ ሳይሆን ቀን ከተቆረጠላቸው ሥራዎች የትኛው እንደተሠራ፣ የትኛው እንዳልተሠራ፣ ቀጥሎ የትኛው እንደሚመጣ አንድ ሳጥን ውስጥ አድርጋችሁ አትሙልን። ሽግሽግና ስረዛን አትቀላቅሉብን። "የዕዳ ዘላቂነት" የሚለውንም እባካችሁ ተዉት።

ጋሼ እድር ላይ ሒሳብ ሲያነቡ አይቻለሁ። እሁድ ጠዋት ድንኳን ሥር ቆመው መነጽራቸውን አድርገው ገቢ ይሄን ያህል፣ ለቀብር የወጣ ይሄን ያህል፣ ለወንበርና ለድስት መጠገኛ ይሄን ያህል፣ በባንክ ያለ ይሄን ያህል ብለው ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ከኋላ የተቀመጠችው ሴትዮ "አልሰማሁም ይደገም" ካለች ይደግሙታል። አንድ ጊዜ የድስቱ መጠገኛ በዛ ብላ አንዲት እናት ተነስታ ጠየቀች፣ ደረሰኙ እስኪመጣ ድረስ ስብሰባው አልተበተነም።

እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንተረጉመው ነገር አሁን 11 ገጽ ደርሷል። መጨረሻው ላይ 63 ቃላት በአማርኛ ከነትርጉማቸው አሉበት፣ አንዳንዱ ላይ አልተስማማንም፣ ሁለት አማራጭ ነው የጻፍነው። ኢኮኖሚስት አይቶ ቢያርመው ደስ ይለናል፣ ስህተት ሊኖርበት ይችላል። ማተም ከፈለጋችሁ ያለምንም ክፍያ እልክላችኋለሁ፣ ለማንም ደንበኛ በነጻ ኮፒ አድርጌ እየሰጠሁ ነው፣ ጋሼም ለሚቀጥለው እሁድ ሃያ ኮፒ ይዘው ሄደዋል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ
ከስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ